በብር ላይ የተቀረጹ ሁለት ንግሥቶች

ሮቢት ከወልዲያ ተነስቶ በጎብዬ በኩል ወደ ቆቦ በሚዘልቀው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ስትሆን፣ በስተምሥራቋ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራቧ ደግሞ ወደ ግዳንና ወደ ላስታ ደጋ የሚያወጣው ረጅም ዳገት ቆሞ ይታያል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1868 አፄ ቴዎድሮስን እንዲወጋ የላከው ጦር ከአሸንጌ ሐይቅ ተነስቶ ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ የተጓዘው ከዚህ ዳገት በላይ በደጋው በኩል ሲሆን፣ የቆቦ ሜዳ በስተግራው ዝቅ ብሎ ቀርቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘመቻው በታሪክ መጻሕፍት የሚነሳው በመቅደላ ውድቀት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ሞትና በተዘረፈው ቅርስ ነው። በእንግሊዝ የወታደር ሽልማት ታሪክ ውስጥ ስላለው ስፍራ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው፤ ለዘመቻው የተሠራው ሜዳሊያ በዚያ ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ ከዘመቻው በኋላ በስድስት ዓመት ውስጥ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በአውሮፓ ሥርዓት የተዘጋጀ ኒሻን ሊቋቋም የቻለበትን ሁኔታ ለመረዳትም ይረዳል።

ጉዳዩን ለመከታተል በሦስት ዓይነት ሽልማቶች መካከል ያለውን ልዩነት አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የዘመቻ ሜዳሊያ የሚባለው አንድ ወታደር በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ አገር በተደረገ ጦርነት ላይ መገኘቱን ብቻ የሚመሰክር ሲሆን፣ ፈሪውም ደፋሩም እኩል ያገኘዋል። የጀግንነት ሜዳሊያ ወይም መስቀል ግን አንድ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ለፈጸመው ተለይቶ ለሚታወቅ ሥራ የሚሰጥ ነው። ኒሻን ከሁለቱም የተለየና ከሁለቱም የቀደመ ሲሆን፣ መነሻው የመካከለኛው ዘመን የባላባቶች ማኅበር በመሆኑ ተሸላሚው ጌጡን ከመቀበል አልፎ ንጉሡ ራሱ የሚመራው፣ ደረጃ ያለው ማኅበር አባል ይሆናል። በ1348 ገደማ የተመሠረተው የጋርተር ኒሻን የዚህ ዓይነቱ ዋነኛ ምሳሌ ነው። በእንግሊዝ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ክብር ማለት ይህ ብቻ ስለነበረ ተራው ወታደር ከደመወዙና ከምርኮ ድርሻው በቀር የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የስፔን መርከቦች በ1588 ድል በሆኑ ጊዜ፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ደግሞ በ1643 በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ሜዳሊያ ማስቀረጻቸው ቢታወቅም፣ ለመኮንኑም ለተራው ወታደርም በአንድነት የተሰጠው የመጀመሪያው ሜዳሊያ ፓርላማው መስከረም 3 ቀን 1650 በስኮትላንድ ለተደረገው የደንባር ጦርነት ያሠራው ነው። ቶማስ ሳይመን የተባለው ቅርጽ አውጪ የኦሊቨር ክሮምዌልን መልክ ለመንደፍ እስከ ስኮትላንድ ድረስ ሲላክ፣ ክሮምዌል በጻፈው መልስ የእርሱ ምስል እንዲቀርና በአንዱ ገጽ ፓርላማው፣ በሌላው ገጽ ሠራዊቱ እንዲቀረጽ ጠየቀ፤ ሜዳሊያው ግን ምስሉን እንደያዘ ወጣ። የንጉሥ አንገት የቆረጠ መንግሥት የንጉሥን ልማድ ትቶ ወታደሩን በእኩል መሸለሙ አያስገርምም፤ ይልቅ የሚያስገርመው ዘውዱ ከተመለሰ በኋላ ነገሩ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ተረስቶ መቅረቱ ነው። በዚህ መካከል ልማዱን ያቆየው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የተባለው የነጋዴዎች ማኅበር ሲሆን፣ ከ1780ዎቹ ጀምሮ ለህንዳውያን ወታደሮቹ የወርቅና የብር ሜዳሊያ ሲሰጥ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ የራሱን ተራ ወታደር ሳይሸልም ኖሯል።

ይህ የተለወጠው በዋተርሉ ነው። በሰኔ 1815 ናፖሊዮን ድል በሆነበት ጦርነት ላይ ለተገኘ ሁሉ፣ ከጄኔራል እስከ ከበሮ መቺ፣ አንድ ዓይነት የብር ሜዳሊያ የተሰጠ ሲሆን፣ የተቀባዩ ስም በማሽን በጠርዙ ዙሪያ እንዲመታበት ተደረገ፤ የሞቱትም ድርሻቸው ለቤተሰባቸው ደረሰ። ከዋተርሉ በፊት በስፔንና በፖርቱጋል ለዓመታት የተዋጉት ወታደሮች ግን ምንም ባለማግኘታቸው ቅሬታው ለሠላሳ ዓመት ያህል ሳይበርድ ቆይቶ፣ በ1847 ከ1793 ጀምሮ ለተደረጉት ጦርነቶች የሚሆን ሜዳሊያ ተፈቀደ፤ ተሸላሚው የተገኘባቸው ጦርነቶች ስምም በጥብጣቡ ላይ በሚደረደሩ ትናንሽ የብር ቁራጮች ተጻፈ። ሜዳሊያውን ያገኘው በሕይወት ቆይቶ ያመለከተ ብቻ ስለነበር፣ ከዚያ በፊት የሞተው አብዛኛው ወታደር መንግሥቱ ማሰቡን እንኳ ሳይሰማ አለፈ።

ለመገኘት ሳይሆን ለጀግንነት፣ ማዕረግ ሳይለይ የሚሰጠው የቪክቶሪያ መስቀል የተቋቋመው በክሪሚያ ጦርነት ማብቂያ ላይ ጥር 29 ቀን 1856 ነው። መስቀሉ ከነሐስ የሚሠራ ሲሆን፣ ነሐሱ ከሴባስቶፖል ከተማ ከተማረኩ የሩሲያ መድፎች የተገኘ ነው የሚል ወግ አብሮት ይኖራል፤ ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች ግን ወጉ በሙሉ እውነት መሆኑን አጠራጣሪ አድርገውታል። አፄ ቴዎድሮስም በጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያስፈሰሱትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ታላቅ መድፍ ሴባስቶፖል ብለው መሰየማቸው የዚያ ጦርነት ዝና ከጥቁር ባሕር እስከ ደብረ ታቦር መድረሱን ያሳያል። ንጉሡ የሚወዱት የአውሮፓ ነገር ጌጡ ሳይሆን መድፉ ነበር።

በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው ጦር በዙላ ወደብ የወረደው የታሰሩትን የእንግሊዝ ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን ለማስፈታት ሲሆን፣ 13 ሺህ ያህል ተዋጊዎች ነበሩት፤ ከእነዚህም የሚበዙት ከቦምቤይና ከሌሎች የህንድ ግዛቶች የመጡ ህንዳውያን ነበሩ። ከተዋጊዎቹ በእጥፍ የሚበልጡ አገልጋዮችና ጭነት ነጂዎች፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጭነት እንስሳትና 44 ዝሆኖችም ተከትለውታል። ይህን ሁሉ ሕዝብና እንስሳ ከባሕር ጠረፍ በሚመጣ ስንቅ ብቻ እስከ መቅደላ ማድረስ የማይታሰብ ስለነበር፣ ናፒየር ገብሱን፣ ሣሩን፣ እንጨቱንና የአጋሰስ ኪራዩን ከአገሬው ሰው በጥሬ ገንዘብ ገዛ። ገንዘቡም የእንግሊዝ ፓውንድ ሳይሆን ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበትና ዓመቱ ምንጊዜም 1780 ተብሎ የሚመታው የቪየና ብር ነበር። የደጋው ገበሬ ንግሥቲቱ የለበሰችውን ጌጥና የብሩን ጠርዝ በጥንቃቄ ሳይመረምር የማይቀበለው በመሆኑ፣ የእንግሊዝ መንግሥት አዲስ ብር ቪየና ላይ አስመታ።

የራያ፣ የላስታና የወሎ ሰው ከዚያ ጦር እጅ የተቀበለው የብር ክብ ነገር ይኸው ነው። ጠገራው ከመገበያያነቱ በተጨማሪ ለአንጥረኛ ጥሬ ዕቃ ስለነበር፣ ከፊሉ ቀልጦ የአንገት ድሪ፣ መስቀል፣ የጋሻ ጌጥና የበቅሎ ዕቃ ሆኗል። ያው ማዕድን ለንደን ላይ ደግሞ የሌላ ንግሥት ምስል ተቀርጾበት ለወታደሩ ደረት ሊሠራ ነበር።

ሁለቱ ጦሮች ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ የተገናኙት ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዕለቱ ስቅለት ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ የመሩት የንጉሡ ሠራዊት ከአምባው ተንደርድሮ ሲወርድ፣ ከኋላ የሚጫን አዲስ ጠመንጃና ሮኬት ከሩቅ ተቀበለው፤ ፊታውራሪውና ሰባት መቶ ያህል ሰው ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞተው ሁለት ሰው ብቻ ነበር። ወደ ስንቁ ሊደርስ በቀረበው የኢትዮጵያ ጦር ፊት ቆሞ በሳንጃ እጅ ለእጅ የተናነቀው 23ኛው የፑንጃብ ጦር፣ ማለትም የህንዳውያን ክፍል ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ጦሩ ወደ አምባው አፋፍ ሲወጣ የኮኬት በር በድንጋይ ተደፍኖ ስለተገኘ፣ የ33ኛው ሬጅመንት ተራ ወታደር ጄምስ በርጊንና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር ከበሩ ጎን ያለውን ገደል በመውጣትና የእሾህ አጥሩን በመጣስ ከሁሉ ቀድመው ገቡ። አፄ ቴዎድሮስ በዚያው ሰዓት ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ፤ ሽጉጡም ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ማመስገኛ የላከችላቸው፣ ይኸው ምስጋና በብር ጽላት የተጻፈበት ስጦታ ነበር።

በርጊንና ማግነር፣ ሁለቱም የአየርላንድ ተወላጆች፣ በሐምሌ 1868 የቪክቶሪያ መስቀል ተፈቀደላቸው፤ በዚህ ዘመቻ መስቀሉን ያገኙትም እነርሱ ብቻ ናቸው። በአሮጌ ሜዳ በሳንጃ የተዋጉት ህንዳውያን ይህን መስቀል ሊያገኙ አይችሉም ነበር፤ ምክንያቱም እስከ 1911 ድረስ የህንድ ተወላጅ ወታደር በሕጉ አይካተትም፤ ለእርሱ የነበረው በ1837 በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ የተጀመረ ሌላ ሽልማት ነው። ማዕረግ አይለይም ተብሎ የተመሰገነው መስቀል ዘር ይለይ ነበር ማለት ነው፤ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን በሰፊው ሲያወሱ ሁለተኛውን በግርጌ ማስታወሻ የማለፍ ልማድ አላቸው።

የዘመቻው ሜዳሊያ መጋቢት 1 ቀን 1869 ሲፈቀድ፣ ከጥቅምት 1867 እስከ ሚያዝያ 1868 በዘመቻው ላገለገሉ የምድርና የባሕር ወታደሮች፣ ህንዳውያኑን ጨምሮ፣ እንዲሰጥ ተወሰነ። ከብር የተሠራ፣ ስፋቱ ሦስት ሴንቲ ሜትር ከጥቂት የሚሆን፣ በላዩ የዘውድ ቅርጽ ያለበትና በነጭ ጥብጣብ መካከል ሰፊ ቀይ መስመር ያለፈበት ማንጠልጠያ የተበጀለት ነው። በፊቱ ዓይነ ርግብ የለበሰች የንግሥት ቪክቶሪያ ትንሽ ምስል ዘጠኝ ጨረር ባለው ኮከብ ተከባ ትታያለች፤ በጨረሮቹም መካከል የአገራችን የቀድሞ የባዕዳን መጠሪያ ዘጠኝ የላቲን ፊደላት አንድ በአንድ ተሰድረዋል። ጀርባው ግን ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። በተለመደው ሥርዓት የተቀባዩ ስም በጠርዝ ላይ የሚመታ ሲሆን፣ በዚህኛው በጀርባው መካከል፣ በሎሬል ቅጠል አክሊል ተከቦ፣ የወታደሩ ስምና ክፍሉ ከብሩ ገጽ ጎላ ብሎ ወጥቷል። ይህም ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ሥራ የሚጠይቅ በመሆኑ ሜዳሊያው እንግሊዝ ካወጣቻቸው እጅግ ውድ ከሆኑት አንዱ ሊሆን ችሏል፤ ለህንዳውያኑ ከተሰጡት ከፊሎቹ ግን ስማቸው ጎላ ብሎ በመውጣት ፈንታ ወደ ውስጥ ተመትቷል።

ስለዚህ በዚያ ዘመቻ ላይ የነበረ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው ስም ዛሬም በብር ላይ ይነበባል። በአንጻሩ መንገድ የመሩት፣ አጋሰስ ያከራዩት፣ በገበያ ገብስ የሸጡት፣ የመቅደላን የኋላ በር ለመዝጋት ሰው ያሰለፉት የወሎዋ እመቤት መስተዋት ተከታዮች በየትኛውም ሜዳሊያ ላይ የሉም። የዘመቻ ሜዳሊያ ለጦሩ መዝገብ አባላት ብቻ የሚሰጥ በመሆኑ በሕጉ ይህ አያስነቅፍም፤ ነገር ግን ዘመቻው ያለ እነርሱ እንደማይሳካ ናፒየር ራሱ በፖሊሲው ያመነበት ነገር ነው።

አዛዡ በበኩሉ የመቅደላው ባሮን ናፒየር ተብሎ የመኳንንት ማዕረግ ሲያገኝ፣ የአምባው ስም እስከ ልጅ ልጆቹ የሚወርስ ክብር ሆነ። ከዚህ ጎን ለጎን ሜዳሊያ ይተካዋል ተብሎ የታሰበው ጥንታዊው የወታደር ሽልማት፣ ምርኮ መከፋፈል፣ አልቀረም። ከመቅደላ የተወሰደው ጽሑፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋና ልብስ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ለወታደሮቹ ሲከፋፈል፣ የእንግሊዝ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆምስ ዋነኛው ገዢ ነበር። ያው ወታደር በደላንታ የደረሰውን የሐራጅ ድርሻ ካጠፋው በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ስሙ የወጣበትን ብር ተቀበለ።

በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የሽልማት ሥርዓት አልነበራትም ማለት ስህተት ይሆናል። ግዳይ ጥሎ የተመለሰ ተዋጊ በጌታው ፊት ፎክሮ፣ ሥራውን በምስክር ፊት ተናግሮ ሲያበቃ፣ እንደ ደረጃው የአንበሳ ጎፈር፣ ለምድ፣ የጆሮ ሎቲ፣ በክንድ የሚጠለቅ የብር ወይም የወርቅ ቢተዋ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ፣ ከፍ ሲልም በቅሎ ከነዕቃዋ፣ ሹመትና ጉልት ይቀበል ነበር። ይህ ሥርዓት ከእንግሊዙ በሁለት ነገር ይለያል፤ አንደኛው፣ ሽልማቱ የሚሰጠው በግልጽ አደባባይ ለተነገረና ለተመሰከረ ሥራ እንጂ በዘመቻ ላይ ለመገኘት አለመሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሽልማቱ ከሰጪው ጋር ያለውን የጌታና የሎሌ ትስስር የሚያጸና፣ በበዓልና በሰልፍ የሚለበስ እንጂ ለብቻው የሚቆም ማስረጃ አለመሆኑ ነው። ለምዱን ያየ ሰው ባለቤቱ ጀግና መሆኑን ያውቃል፤ የትኛው ጦርነት፣ መቼና የት እንደሆነ ግን የሚናገረው ፉከራው ነው። ባለቤቱና አዝማሪው ሲሞቱ ዝርዝሩም አብሮ ይሄዳል፤ የሰሜን ወሎን የጦር ሰዎች ታሪክ በስም ለመከተል አስቸጋሪ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ይመስላል።

የመቅደላ ዘመቻ በዚህ ሥርዓት ላይ ያመጣው ለውጥ በቀጥታ በሜዳሊያ ሳይሆን በመድፍ በኩል የመጣ ነው። የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ ናፒየርን በየካቲት 1868 መጨረሻ አግኝተው መንገድና ስንቅ ስለፈቀዱለት፣ ጦሩ ሲመለስ አሥራ ሁለት መድፎችና ሞርታሮች፣ ስምንት መቶ ሃምሳ ያህል ጠመንጃዎችና ጥይት ተውላቸው። ጦሩን በላስታ በኩል ያሳለፉት ዋግሹም ጎበዜ ግን ከዚህ አልደረሳቸውም። ጎበዜ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በሐምሌ 1871 በአድዋ አጠገብ በአሰም ከካሣ ጋር ሲገጥሙ፣ ቁጥሩ እጅግ የሚበልጠው ጦራቸው በእነዚያ መሣሪያዎችና ከናፒየር ጦር ጋር መጥቶ በቀረው ጆን ኪርካም ባሠለጠናቸው ተኳሾች ፊት ሳይጸና ቀረ። ከዳገቱ በላይ ያለው የላስታ ጌታ መንገድ ከፍቶ ያሳለፈው ጦር የተወው መድፍ ዘውዱን አሳጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ካሣ በጥር 1872 በአክሱም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ከተቀቡ በኋላ በ1874 የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ። ከግብፅ ጋር ጦርነት በተቃረበበትና ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በእኩልነት መጻጻፍ አስፈላጊ በነበረበት ወቅት፣ ለባዕድ መልእክተኛ ለምድና ጎፈር ማልበስ ወዳጅነትን ቢገልጽም በአውሮፓ ቤተ መንግሥት ሥርዓት የሚታወቅ ምልክት አልነበረም፤ ኒሻኑ ይህን ክፍተት ሞላ። ንጉሥ ምኒልክም በሸዋ በ1880ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻንን በልዩ ልዩ ደረጃዎች አቋቁመው፣ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላም ቀጠሉበት። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የንግሥተ ሳባና የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻኖች፣ በ1930 ደግሞ የቅድስት ሥላሴ ኒሻን ተጨመሩ። ለምድና ጎፈር በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአደባባይ አልጠፉም፤ በአድዋ ዘመን ፎቶግራፎች ላይ መኳንንቱ በአንበሳ ጎፈር ሥር የአውሮፓ ዓይነት ኮከብ ሰክተው መታየታቸው ሁለቱ ሥርዓቶች ሳይጣሉ አብረው መኖራቸውን ይመሰክራል።

የእንግሊዝ የዘመቻ ሜዳሊያ ለሁለተኛ ጊዜ ከኢትዮጵያ ምድር ጋር የተገናኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲሆን፣ በዚህኛው ጊዜ መንገዱ ከዳገቱ በላይ ሳይሆን በቆላው በኩል ነበር። የብርጋዴር ዳን ፒናር የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በሚያዝያ 1941 ደሴን ከያዘ በኋላ፣ ጣሊያኖች በሠሩት ዋና መንገድ በወልዲያ፣ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ ሰሜን በመውጣት አምባ አላጌን ከደቡብ ሲከብ፣ ከሰሜን የህንድ ክፍለ ጦር፣ ከጎን ደግሞ የራስ ሥዩም መንገሻ አርበኞች ተጫኑት፤ የአዎስታው መስፍንም ግንቦት 19 ቀን እጁን ሰጠ። ሮቢት በዚህ መንገድ ላይ ያለች በመሆኗ፣ በ1868 ከራስጌ ያለፋት የእንግሊዝ ዘመቻ በ1941 በመካከሏ አልፏል። ለዚህና ለሌሎቹ የአፍሪካ ጦርነቶች በ1943 የተቋቋመው የአፍሪካ ኮከብ ባለ ስድስት ጫፍ፣ ከመዳብና ከዚንክ ድብልቅ የተሠራ ሲሆን፣ የብሪታንያ መንግሥት የሚሊዮኖችን ስም መቅረጽ ወጪው የማይቻል ሆኖ ስላገኘው ለራሱ ወታደሮች ጀርባውን ባዶ አድርጎ ሰጠው። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን የወታደሮቹን ቁጥርና ስም ስላስመታበት፣ በቆቦ ሜዳ ያለፉት የፒናር ሰዎች ኮከብ እንደ መቅደላው ብር ባለ ስም ሆኖ ቀረ።